አምስቱ ትምህርትና የእኛ ቦይ

ይድረስ ሻርጃ ላለችው ልጄ ለጀዊሪያ ታሂር፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? እንደምንስ ሰነበትሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ? እንቅልፍ ታገኛለሽ? የዚያ አገር ሙቀት ከእኛ ቆላ ይብሳል ያልሽው ቀለል አለልሽ ወይስ እንደዚያው ነው? እኔ አባትሽ፣ እናትሽ ሰይዳና ወንድምሽ ሙንተሲር ከአንቺ ናፍቆት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከብቶቹም ደህና ናቸው። ቡሬዋ ላም ባለፈው ጥቅምት መሞቷን እናትሽ በስልክ ነግራሽ አብራችሁ አልቅሳችኋል፤ እሱን አልደግመውም።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሀጀራ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ልትመለስ ነው። በስልክ ያልተናገርኩት ስልክ ላይ ስለምትቸኩይ፣ ድምፅሽንም ስለምትቀንሺ ነው። እናትሽም ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ትነጥቀኛለች። ሀጀራ ጨዋ ልጅ ናት፤ ይሁንና ፖስታውን በሙጫ ለጥፌ መዝጊያው ላይ ስሜን እጽፍበታለሁ። የስሜ ፊደል ከላይና ከታች ካልገጠመልሽ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው፤ ለማንም ሳትናገሪ ልብ በዪው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ለዚህ አረፋ እመጣለሁ ብለሽን ነበር። ወልድያ ሁለት ዓመት የተማርሽው የሂሳብ ትምህርት ተቆጥሮልሽ፣ የቀረውን በኢንተርኔት ከአንዱም ከሌላውም ኮሌጅ ለቃቅመሽ ጨርሰሽ፣ ዲግሪሽን ይዘሽ ልትገቢ ነበር። እናትሽ የሚታረደውን ሙክት ከወዲሁ መርጣ ለብቻው አስራዋለች። ከዚያ ሰኔ ላይ ደውለሽ ትምህርቱ አልቋል፣ ዲግሪው ግን አልተሰጠኝም አልሽን። ኮሌጁ፣ ሌላ ቦታ የተማርሽውን ተቀብለንሻል፣ ነገር ግን የእኛን ዲግሪ የሚይዝ ሰው ቢያንስ ሩቡን ከእኛው ዘንድ መማር አለበት፣ ስለዚህ አምስት ትምህርት ይቀርሻል አለሽ። በዚያው አንድ ዓመት ጨመርሽብን።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። መማርሽን ካመኑ፣ ፈተናውን ማለፍሽን ካመኑ፣ እንደገና ተማሪ የሚሉት ምን ፈልገው ነው? ትምህርት ያው ትምህርት አይደለም እንዴ?

ቆቦ ወጥቼ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረሽን መምህር ዘካሪያስን ጠየቅኩት። ጥያቄዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ አዎ ጋሽ ታሂር፣ እንዲህ ያለ ደንብ አለ፣ ብዙ ኮሌጆች ይጠቀሙበታል አለኝ። ምን አስቸኮለው? አንቺ ቀድመሽ ደውለሽለታል ብዬ ጠረጠርኩ። ማልልኝ ብለው ሳቀ። ቁም ነገር ሲጠየቅ የሚስቅ ሰው ደግሞ እኔ አላምንም። ሻይ ጋበዘኝ፤ እሱም አልጣመኝም።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ አላርፍ ብሏል። ማዳምሽ ሥራሽን ስትጨርሺ በኮምፒውተር እንድትማሪ እንደፈቀደችልሽ ነግረሽናል። እኛ አገር ከዐረብ አገር ከተመለሱት ሴቶች ሁሉ እንዲህ ያለች ማዳም አየሁ ያለች አንዲትም የለችም። ሙንተሲር በስልኩ ያሳየን ፎቶሽም ደስ አላለኝም። ከኋላሽ ያለው በር ዝግ ነው። ዓይንሽ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ጎን ያያል። በጎንሽ ማን ነበር? ፓስፖርትሽ በማን እጅ ነው? ይህን በስልክ ስጠይቅሽ፣ አብሽር አባዬ ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ብለሽ ኮሌጅ የሚሉትን ነገር ከፊት አቁመሽ ሌላ ጉድ የደበቅሽኝ ይመስለኛል።

ስለዚህ አምስቱም ትምህርት ይቅር። ዲግሪውም ይቅር። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ጓዝሽን ሸክፈሽ ለአረፋ ግቢ። ብትቀሪ ግን የያዘሽ ትምህርት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የጻፍኩት ማክሰኞ ነው። ዛሬ እሑድ ነው። ሀጀራ ጉዞዋን ስላዘገየች ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ከረመ። ልቀደው አስቤ ነበር፤ ግን አባትሽ ምን ሲያስብ እንደሰነበተ ማወቁ አይከፋምና እንዳለ ይድረስሽ።

ረቡዕ ዕለት ወደ ቦዩ ወረድኩ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የውሃ አባት አድርገው የመረጡኝ እኔን ነው፤ ከሆርማት ወንዝ ጠልፈን ማሳ የምናጠጣበትን ጎርፍ ለማን፣ በስንተኛ ተራ እንደሚለቀቅ የምዳኘው እኔ ነኝ። አያሌው የሚባል የሮቢት ሰው ዘንድሮ ከቦያችን ሥር መሬት በእኩል ይዞ ጅጉርቴ የሚባለውን ማሽላ ዘርቷል። መጣና የውሃ ተራ ጠየቀኝ። ሰኔን ሙሉ እኛ ቦይ ስንጠርግ አላየሁህም አልኩት። እኔም ስቆፍር ነው የከረምኩት፣ ግን እዚያው እኛ ዘንድ፣ በጎሊና ወንዝ በኩል ነው አለኝ። ሁለት የአገሩን ሽማግሌዎች ምስክር ይዞ መጥቷል። መዳፉንም ዘርግቶ አሳየኝ፤ ውኃ ቋጥሮ የፈነዳ መዳፍ ነው።

መቆፈርህን አልጠራጠርም አልኩት፤ እኛ ቦይ ግን አልቆፈርክም። ጎርፉን ወደ ቦዩ የሚመልሰው ክትር ሲሰበር የቱ ጋ እንደሚሳሳ አታውቅም፣ ስንጠራህም ትመጣ አትመጣ አናውቅም። የዚያኛውን ልፋትህን እንቆጥርልሃለን፤ ሙሉውን ቁፋሮ አትጀምርም። የቀረውን ደለል ግን ከእኛ ጋር ጥረግ፣ ከዚያ እንደማንኛችንም ተራህን ትይዛለህ አልኩት። አያ ታሂር፣ አፈር ያው አፈር አይደለም ወይ ብሎ ተቆጣና ሄደ። ሰው ሁሉ ልክ ፈረድክ አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ማታ ለእናትሽ ነገሩን አንድ በአንድ አወራኋት። ማሽላ እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቀና ሳትል፣ አንተ ሰውዬ፣ ይህን ፍርድ እኔ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፣ የልጄ ኮሌጅ የፈረደው ነው አለችኝ። ቦይና ኮሌጅ ምን አገናኛቸው ብዬ ጮኽኩባት። እሷ ማሽላዋን መልቀም ቀጠለች። እናትሽ እንዴት እንደምታናድድ ታውቂያለሽ።

ሐሙስ በማለዳ አያሌው አካፋውን ተሸክሞ መጣ። ፊቱን እንዳጠቆረ ደለሉን ሲዝቅ ዋለ። ክትሩ የሚሳሳበትን ቦታ አሳየሁት፤ በግንድና በድንጋይ አጠናከረው። ዓርብ ከሰዓት ጎርፉ ደረሰ። የእሱ ተራ ሲሆን የቦዩን አፍ ከፈትኩለት፤ ማንም አላጉረመረመም። ሰኔን ሙሉ ጀርባቸው የጎበጠው ሰዎች ራሳቸው፣ ይጠጣለት፣ ሠርቶበታል አሉ። ያለ ቁፋሮ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ተራው ለእሱም እዳ፣ ለእኛም ጠብ ይሆን ነበር። ውሃው ማሳው ውስጥ ሲገባ ቆሜ እያየሁ፣ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ አፈርኩም።

ልጄ፣ ራሴ የፈረድኩትን ሌላው ሲፈርደው ግፍ ልለው አልችልም። ስለዚህ ከላይ ነይ ያልኩሽን ሽሬዋለሁ። አምስቱን ትምህርት ተማሪና ዲግሪሽን ያዢ። ለዚህ አረፋ ባትደርሺ ለሚመጣው ትደርሻለሽ፤ ሙክቱን ፈትተነዋል፣ አንቺ ስትመጪ ይታረዳል። መምህር ዘካሪያስንም ዛሬ አግኝቼ ሻዩን ከፍዬለታለሁ፤ አሁንም ሳቀብኝ።

ኮሌጁን እንግዲህ አምኜዋለሁ። ማዳምሽን ግን አላመንኳትም። ያን ዝግ በር ከዓይኔ ላወጣው አልቻልኩም። ስለዚህ አንድ ነገር እንስማማ፤ ሀጀራም አታውቀውም፣ እናትሽም አታውቀውም። በሰላም ካለሽ፣ ስትደውዪ ስለ ጎርፉ ጠይቂኝ። ሰው አጠገብሽ ቆሞ የልብሽን መናገር ካልቻልሽ፣ ተይዘሽም ከሆነ፣ ቡሬዋ ላም እንዴት ናት ብለሽ ጠይቂኝ። እኔም ደህና ናት፣ ትታለባለች እልሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእኔ ተይው። ሁለቱን በሬ ሸጬ አዲስ አበባም ቢሆን የማላንኳኳው በር አይኖርም።

እናትሽ ሰይዳ በእንባ ሰላም ትልሻለች፤ ሳትበዪ አትደሪ ብላለች። ሙንተሲርን በጣም ናፍቀሽዋል፤ ጫማ ላኪልኝ በላት ሲለኝ አልጽፍም ብዬው ነበር፣ ይኸው ጻፍኩለት። የሀጀራ እናትና ጎረቤቱ ሁሉ በዱአ ያስቡሻል። አያሌው እንኳ ታሪክሽን ሰምቶ፣ በርቺ፣ ጀርባ ያማል እንጂ ያልቃል በላት ብሎኛል።

እኔም ስልኩን ከጎኔ አድርጌ እጠብቃለሁ። ስለ ዝናቡ ጠይቂኝ፣ ስለ ማሽላው ጠይቂኝ፣ ቦዩ ስንት ጊዜ ተሰበረ ብለሽ አሰልቺኝ። ስለ ቡሬዋ ግን አላህ አያስጠይቅሽ።

አባትሽ ታሂር
ቆቦ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2009 ዓ.ም.