የማያበሩ ዝንቦች

ጥር 9
ዛሬም አላበሩም። ማይክሮስኮፑ ላይ አንገቴ እስኪደርቅ አጎነበስኩ። ጨለማ... አንድ ዓመት ተኩል የደከምኩበት ፕላዝሚድ፣ ጂን ተሸክሞ ዝንቡ ውስጥ የሚያስገባ የዲኤንኤ ቀለበት። የትንኝ ጂን፣ ከጫፉ አረንጓዴ የሚያበራ ቅጥያ ተቀጥሎበት፣ በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ እንዲሠራ። ጂኑ የት እንደሚውል ብርሃኑ ሊነግረን ነበር።
አለቃችን ሳያንኳኳ ገባ። "እህስ?"
"ምንም የለም።"
"ወይ አንተ ወይ ዝንቦቹ። አንዳችሁ ዋሽታችኋል።"

ጥር 12
አለቃችንን፣ ዝንቦቼ ከተራዎቹ ዝንቦች ጋር ተደባልቀው ይሆናል አልኩት። "ይሆናል" ነው ያልኩት። እሱ "ይሆናል"ን አልሰማም።
ዝንቦቹን የሚመግቡት እትዬ ተጠሩ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ። እጃቸውን በጋዋናቸው እየጠረጉ መጡ።
"ልጄ፣ የወለድኩትን ልጅ ከጎረቤት ልጅ ጋር ላምታታ እችላለሁ፤ ዝንብ ግን አላደባልቅም። ያንተዎቹ ዓይናቸው ብርቱካን ነው። የተራዎቹ ደም ይመስላል። ና እይ።"
አላየሁም። ለምን?

ጥር 30
የእትዬ ውል አልታደሰም። ዕቃቸው አንዲት ካርቶን አልሞላም። በሩ ላይ ዞር አሉ። "ረቡዕ ረቡዕ ምግባቸውን ቀይሩላቸው፤ ይሻግታል።"
ለኔ ነው የነገሩኝ። ለኔ...

የካቲት 6
የፕላዝሚዱን ንድፍ ከመጀመሪያው አነበብኩ። ጂኑ መጨረሻው ላይ የራሱ ማቆሚያ አለው። ቅጥያውን ስቀጥል ማቆሚያውን ማውጣት ነበረብኝ። አላወጣሁም። የዝንቡ አካል ጂኑን ያነባል፣ ማቆሚያው ጋ ይቆማል፤ አረንጓዴው ጋ አይደርስም። የጀማሪ ስህተት።
ጠርሙሶቹን አየሁ። ብርቱካን ዓይን። ሁሉም። ዓይኑ ብርቱካን የሚሆነው ፕላዝሚዱ የገባበት ዝንብ ብቻ ነው፤ ገብቶ ኖሯል። ምንም አልተደባለቀም።

የካቲት 7
ለእህቴ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።
"ታዲያ ንገራቸዋ።"
"ነገ።"
"ያንተ ነገ ጢም ያበቅላል።"

የካቲት 8
አልነገርኩም።

ሚያዝያ 21
ማቆሚያውን አውጥቼ እንደገና የሠራሁት ፕላዝሚድ የገባባቸው ዝንቦች አበሩ። ለጋ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። መዝገቡ ላይ "ሁለተኛ ሙከራ" ብቻ ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ምን ሆነ የሚል የለም።
አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አየህ? ጠንቃቃ ሰው ሲይዛቸው።" በእትዬ ቦታ የመጣችው አዲሷ መጋቢ አንገቷን ደፋች። እኔ ሳቅኩ። ሳቄን ሰማሁት።

ሚያዝያ 23
ረቡዕ። ምግባቸውን ራሴ ቀየርኩ። ጠርሙሶቹ ላይ ያለው ጽሑፍ አሁንም የእትዬ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ያልተዛነፈ።
ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። እሳቸው።
"ልጄ፣ አበሩልህ አሉ?"
"አበሩ።"
"እሰይ። እንግዲያው እኔው ነኝ ያደባለቅኩት። ዓይኔ ደክሞ ኖሯል... እኔ እኮ እርግጠኛ ነበርኩ።"
አፌን ከፈትኩ። ጠበቁኝ።
"አይዞዎት፣ እትዬ" አልኩ።