አባባ ያጠፉት እሳት

ዓርብ፣ ኖቬ. 7፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

የሰንበት ዳቦው ተጠቅልሏል። አባባ ከሳን ሆዜ፣ ከወንድሜ ቤት መጥተው ሶፋዬ ላይ ናቸው። ለአርባ ዓመት የቤተ እስራኤል ቄስ የነበሩ ሰው። ዛሬ የሰንበት ጸሎት ክበባችንን ላሳያቸው ነው። ራባይ የለው፣ ሕንጻ የለው፤ አሥራ አምስት አይሁድ በአስተባባሪያችን በዳና ጓሮ፣ እዚሁ ኦክላንድ፣ ከኔ ሁለት ብሎክ። ትልቁ ምኩራብ በር ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ እንግዳ ነሽ ወይ ተብያለሁ። እዚህ የጠየቀኝ የለም። ማስታወሻዬ፣ ይወዱልኝ ይሆን? ፈርቻለሁ።

እሑድ፣ ኖቬ. 9፣ ጠዋት

ትናንት ሰንበት ነበር፣ አልጻፍኩም። ደሜ እስካሁን እንደፈላ ነው። ዓርብ አመሻሽ ላይ ዳና ዓይናችንን አስጨፍና ትንፋሽ ታስቆጥረናለች። መሀል ላይ እሳት ይነድዳል። ድንገት ፉሽሽ! ስገልጥ፣ አባባ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ይዘው እሳቱን ውሃ ያጠጡታል። ጭስ፣ ሳል፣ ጩኸት። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

መንገድ ላይ ጮህኩባቸው። በአባቴ ላይ! እሳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል። ፀሐይ ልትገባ ስትል ሰዎቹ ማጥፋቱን የረሱ መስሏቸው ነው። ጎንደር እያሉ ሰንበት የሚገባው የመንደሩ ምድጃ ሁሉ ጠፍቶ ነው፤ ሻማ እንኳ አይበራም። እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ። አፈርኩ።

“ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሰንበትን ከመሻር ለጥቂት ተረፉ” አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬ. 11

ዳና ቴክስት አደረገች። ክበቡ ተወያይቷል፤ ያለ እኔ! አባባ ነጠላቸውን ለብሰው አሥር ደቂቃ ስለ ባህላቸው ይንገሩን፣ እሳቱ ሲለኮስ ደግሞ ቤት ገብተው ይረፉ ትላለች። ይረፉ! ሁሉም የአባቱን ሥርዓት ይዞ ይምጣ ያሉት እነሱ አይደሉም? ለካ እንዲታይ እንጂ እንዲጸለይበት አይደለም። ከትልቁ ምኩራብ በር በምን ተሻሉ? እዚያስ አንድ ጥያቄ ጠይቀው ያስገቡኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬ. 13፣ ከሥራ መልስ

አባባ ምንም አያውቁም። ነገ በስንት ሰዓት እንሄዳለን ይሉኛል፤ ቀደም ብለው ሄደው እሳቱን እንዲያጠፉ ሊያስታውሷቸው። አላስቻለኝም። ለክበቡ ጻፍኩ፦ ነገ እኔ ቤት፣ በ10 ሰዓት። እሳት የለም፣ ሻማ የለም። ጸሎቱን አባቴ ይመራሉ። ስለ ባህል ንግግር የለም።

ዳና ወዲያው መለሰች። አንዲት ሻማ ብቻ?

እምቢ አልኩ። ማንም ካልመጣ ከአባባ ጋር ሁለት ነን።