ስለ አንድ ፌስታል ሞራና ስለ እትዬ የሻሽወርቅ ጉርሻ

ለክቡር አሰልጣኝ ሃይለኣብ
የ«ሸንቃጣ» የውፍረት መቀነሻ ማዕከል መሥራች፣ ባለቤትና ሚዛን ጠባቂ
ጎሮ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጡንቻዎ፣ ያ በየጠዋቱ የሚጮኸው የድምፅ ማጉያዎ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ባለቤቴ አብዱልገኒም ደህና ነው፣ ጉልበቴም ደረጃ ላይ ካልሆነ በቀር ደህና ነው።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት የጎረቤቴን የእትዬ የሻሽወርቅን ወሬ ልንገርዎ፤ እርስዎ ባይጠይቁኝም። እትዬ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው ከርመው ወጥተዋል። ሳሉ ለቀቃቸው፣ ትኩሳቱም ጠፋ፣ ምግብ ግን እምቢ አላቸው። ሐኪሙም እንዲህ ባዶ ሆዳቸውን ከቀጠሉ መልሼ አስተኛቸዋለሁ ብሎ ነበር። ልጃቸው ሊና ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ታስታምማቸዋለች፣ ታላቁ ልጃቸው ሽፈራው ደግሞ ከቡልቡላ በየማታው እየመጣ «እማዬ፣ ኧረ ትንሽ ቅመሺ» እያለ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። እኔና እሳቸውን የሚለየን አንድ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን እንደሚደብቅ ደግሞ እርስዎም ያውቁታል፣ ምንም።

ይህን ሁሉ የማወራልዎ፣ እኔን ከልክ በላይ በላች ብለው ሲቀጡኝ ከማን ጋር፣ ለምን በላሽ ብለው ስላልጠየቁኝ ነው።

አንድ ጠዋት ጨጨብሳ ሠርቼ ገባሁላቸው። እኔ ሙስሊም እሳቸው ክርስቲያን ስለሆንን በሥጋ አንገናኝም እንጂ በጨጨብሳ የሚለየን የለም። እትዬ ሳህኑን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ «ፈዲላዬ፣ ብቻዬን አልወርድልኝ ብሎኛል፤ አንቺ ካልጎረስሽልኝ አልጎርስም፣ በሞቴ!» አሉና በዚያች የመርፌ ጠባሳ ባለባት በቀጭን እጃቸው አጎረሱኝ። ጎረስኩ። እሳቸውም ጎረሱ። አንድ ለእኔ አንድ ለእሳቸው እያልን ሳህኑ አለቀ፣ ሊና በር ላይ ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። እዚህ ላይ ቆሜ ቢሆን ምን ነበረበት? ግን አልዋሽም፤ አፌ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ቤቴ ገብቼ ለልጆቼ ያስቀመጥኩትንም ድስቱ ላይ ቆሜ ጨረስኩት። በማዕከልዎ ደንብ መሠረትም የባዶውን ድስት ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላኩልዎ።

ከዚህ በኋላ ላሳዩኝ ደግነት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ማካካሻው ቀን አመሰግናለሁ። ከልክ ያለፈ ሰው በማግስቱ ከሎሚ ውኃ በቀር ምንም እንዳይቀምስ ስላዘዙ፣ እኔም ታዛዥ ስለሆንኩ፣ እስከ ማታ በሎሚ ውኃ ዋልኩ። ለአላህ ስጾም በቴምር አፍጥሬ፣ ሾርባዬን ጠጥቼ፣ ልቤ ረክቶ እነሳለሁ። ለእርስዎ ስጾም ግን የልጆቼን ራት ፓስታ እንዳለ ዋጥኩት፤ ጣዕሙን እንኳ አላስታውሰውም። ይሄኛውን አላሳወቅኩዎትም፣ ፈርቼ። ፍርሃቱ ደግሞ እንደገና አስበላኝ። እኔ ወደ እርስዎ የመጣሁት ስኳሬ አፋፍ ላይ ነው ስለተባልኩና ጉልበቴ እኔን መሸከም ስለደከመው ነበር፤ እርስዎ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ ግን ከምግብ መደበቅን እንጂ መብላትን አልተማርኩም።

ሁለተኛ፣ «ከሚያጎርሱ ሰዎች ራቁ» ብለው ስለላኩልኝ ምክር አመሰግናለሁ። ራቅሁ። የእትዬን በር ሳላንኳኳ ሰነበትኩ። በግድግዳው በኩል ሊና ስትለምን ይሰማኛል፣ የእትዬ ድምፅ ግን አይሰማኝም። ሳህኑ እንደገባ ተመልሶ ሲወጣ፣ ማንኪያው ሳህኑ ላይ ሲንኳኳ እሰማለሁ። እኔ በዚህ በኩል የሎሚ ውኃዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ሸንቃጣ ልሆን።

ሦስተኛው ስለሚከብደኝ ይቆይልኝና ወደ አራተኛው ልለፍ፤ እሱም ስለ ሞራው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሠልጣኝ ሴቶቹን ክብ አሠርተው፣ እኔን መሃል አቁመው፣ ከሥጋ ቤት ወስደው ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩትን አንድ ፌስታል ሞራ በሁለት እጄ ሲያሸክሙኝና «ማዘር፣ የዋጡት ይሄንን ነው፣ ያሽትቱት!» ሲሉኝ ትምህርት እየሰጡን እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ባላልፍም ጨጨብሳ ከበሬ ሆድ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ግን አሰልጣኙ እርስዎ ነዎት። በዚያ ሳምንት መብራት ሲመጣ ሲሄድ ስለነበር ሞራው ቢጫ ሆኖ፣ ፌስታሉ ሥር የማላውቀው ውኃ አቁሮ፣ ያ ውኃ በክርኔ በኩል ወደ እጅጌዬ ይወርድ ነበር። የማን እርድ እንደሆነ ስጠይቅዎ ሳቁ። ሻርፔን ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፣ ጠረኑ ግን እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ ነው፣ ይቀፈኛል። ከሞራው የበለጠ ያቅለሸለሸኝ ደግሞ በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘው በሌላው ስልካቸውን የደገኑብኝ እህቶቼ ናቸው፤ ነገ የእነሱ ተራ እንደሆነ እያወቁ። ኪሎዬንም በድምፅ ማጉያ ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ፤ ከሥር ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች አሁን «እናታችን፣ የሁለት ሰው ይከፍላሉ» እያሉ ያሳፍሩኛል። «ማዘር» ስላሉኝም እንዲሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እርስዎን የሚያህል ልጅ ለመውለድ የሚበቃ ዕድሜ አልነበረኝም፣ ወልጄም ቢሆን እንዲህ አድርጌ አላሳድግም።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ልመለስ።

ሞራውን እንደያዝኩ፣ ለምን እንደበላሁ ለማስረዳት ስለ እትዬ ጀመርኩ፤ «በሞቴ ብለውኝ ነው» አልኩ። እርስዎም ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «በሞቴ ስትላችሁ ‹ሙቺ!› በሏት። እኔ በሞቴ ብሎ የሞተ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ጥሩ ቀልድ ነበር፣ ወላሂ፤ እኔ ብቻ ነኝ የዚያችን የመርፌ ጠባሳ ያለባትን እጅ ያየሁት። ያን ፌስታል ሚዛንዎ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ስንት ኪሎ እንደሆነ ሲያነቡት ስላልሰማሁ ይቅርታ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። እጄን ታጥቤ፣ ደግሜ ታጥቤ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «የት ጠፋሽ?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ትንሽ ሳህን ለሁለት እናቀርባለን፤ ሁለት ጉርሻ እቀበላቸዋለሁ፣ ቀሪውን እሳቸው ይበላሉ። አንዳንድ ቀን እጄን መሰብሰብ አቅቶኝ ያልፍብኛል። ሲያልፍብኝ በማግስቱ እንደ ወትሮዬ ቁርሴን በልቼ፣ ጫማዬን አጥብቄ፣ ገበያ ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ያለፈውን አልቀጣበትም፣ አልደብቀውምም። ቀሚሴ ወገቡ ላይ ሰፍቶኛል፤ ቀስ እያለ ነው፣ ግን የሚሸት ነገር የለውም።

ትናንት አንዲት የማዕከልዎ እህት እትዬን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ስሟን አልጠራም፣ ሱቋ ከደረጃዎ ሥር ነው። የመጣችው ግን በእውነቱ ይቅርታ ከጠየቅኩ እንደሚመልሱኝ ልትነግረኝ ነው። እትዬ አስቀምጠው «በሞቴ!» አሏት። እምቢ አለች፣ ደገሟት፣ ጎረሰች፣ ሠለሰች። ከዚያ አፏ እንደሞላ ወደ እኔ ዞራ፣ «ፈዲላ፣ ለሃይለኣብ እንዳትነግሪው፣ ያ ሞራ እኮ አሁንም አልተጣለም» አለችኝ።

ለክብርዎ ያለኝን የላቀ አክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ብቻ ጎንበስ ብዬ እየገለጽኩ፣ በማዕከልዎ የቴሌግራም ቡድን ላይ ይህንን ስለለጠፍኩ ቅር እንደማይሰኙ እተማመናለሁ።

አክባሪዎ
ፈዲላ፣ የቀድሞ ሠልጣኝዎ

ግልባጭ፦
ለሥጋ ቤቱ ባለቤት፣ አሰልጣኙ ሞራውን የወሰዱት ለምን እንደሆነ እንዲያውቁት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእትዬ የሻሽወርቅ አነበብኩላቸው። በሞቴ ብሎ የሞተ ሰው የለም ያሉበት ቦታ ስደርስ አስቆሙኝና «አንድ ቀን ይምጣና ላጉርሰው» አሉ። «እኔ ከመሞት ለትንሽ ነው የተረፍኩት በይልኝ።»