ታኮውን አቅፌ የቆምኩ ቀን

እምዬ፣

ከተለየሽኝ ወዲህ ፋሲካ አለፈ፤ ይኸው ክረምቱም ገባ። ቤቱ ደህና ነው። የሺ ከነልጇ ከአምበር መጥታ ያንቺን ክፍል ይዛለች። እህቴ መሆኗን ባላውቅ አከራዬ ናት እል ነበር፤ ጫማህን አውልቅ፣ በሩን ዝጋ፣ አታምሽ ትለኛለች። አንቺን መተካቷ ነው። ጎረቤቶችሽ አሁንም የእታለማሁ ልጅ እንጂ በስሜ አይጠሩኝም።

ሥራ ገባህ ወይ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ጭንቀትሽ እሱ ነበር። በክራንች መራመድ ስለማመድ ከፊት ከፊቴ እየሄድሽ አሮጊት ቀደመችህ እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ክራንቹን ጥያለሁ፤ አንቺ ግን ሳታይው ሄድሽ።

ሐኪሙ ቀላል ሥራ ይሰጠው ብሎ ጽፎልኝ ነበር። የምሠራበት መኪና ባለቤት ወረቀቱን አንብቦ መለሰልኝና የጭነት መኪና ረዳት ምን ቀላል ሥራ አለው አለኝ። እሺ መጋዘን አስገባኝ ብዬ ስለምነው፣ ሰው ሞልቷል አለ። ሌሎች ባለመኪናዎችም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ከሰላምታው በፊት እግሬን ነው የሚያዩት። በመጨረሻ ያው የድሮው ባለቤት ከጋቢናው ዝለልና ልይህ አለኝ። ጥርሴን ነክሼ ዘለልኩ። ከጋሽ ሙላት ጋር ውጣ ተባልኩ። ጋሽ ሙላትን ታውቂያቸዋለሽ፤ እግሬ በተጎዳ ቀን ጭነው ሆስፒታል ያደረሱኝ ሾፌራችን ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ጭነን ስንመለስ፣ ዓባይ በረሃን ወጥተን ደጀን ልንደርስ ስንል፣ ከፊታችን የነበረ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋው። ዳገት ላይ ቆምን። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም የእኔ ሥራ ወርዶ ታኮውን፣ ያንን ድፍን እንጨት፣ ከኋላ ጎማ ሥር መወተፍ ነው። እግሬን የበላኝም ይኸው ሥራ ነበር፤ ያን ጊዜ ታኮውን ሳስገባ መኪናው ተንሸራቶ ወጣብኝ። አሁንም ወረድኩ። ይዘንባል። ጎማው አጠገብ ስደርስ ሰውነቴ ከዳኝ። ጋሽ ሙላት ይጮኻሉ፤ እሰማቸዋለሁ፤ ጎንበስ ማለት ግን አልቻልኩም። ከኋላችን ሰው የሞላ ሚኒባስ ቆሟል። ጎማው ወደ ኋላ ሸርተት ሲል አየሁት። ከሚኒባሱ አንድ ሰውዬ ዘሎ ወርዶ ትልቅ ድንጋይ ወተፈበትና መኪናችን ቆመ። እኔ ታኮዬን እንዳቀፍኩ ነኝ።

እምዬ፣ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ሲነጋ እፈራለሁ፤ ስልክ ሲጠራ ለጭነት የተጠራሁ ይመስለኛል። ጋሽ ሙላት ለባለቤቱ አልነገሩብኝም። ነገ ደግሞ ጭነት አለ። ልቅር ብል ሥራዬ ነው፤ ልሂድ ብል ያ ሚኒባስ ፊቴ ላይ ይመጣብኛል። በመስኮት የሚያዩኝ ሰዎች፣ ልጆች የታቀፉ እናቶች ነበሩ። የራሴ እግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እደፍር ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ለጋሽ ሙላት ደወልኩላቸው። ከጎማ ሥር መግባት አልቻልኩም፣ ሌላ ረዳት ይፈልጉ አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ረጅም ትንፋሽ ሲያወጡ ሰማሁ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ነገ ካንተ ጋር እንዴት እንደምወጣው ጨንቆኝ ነበር» አሉኝ።

ለካ እሳቸውም እኔን ሲፈሩ ኖረዋል።

ለየሺ ገና አልነገርኳትም። ከመኪና ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ሰኞ ባለቤቱ ዘንድ ሄጄ መጋዘኑን ደግሜ እለምነዋለሁ፤ እምቢ ካለኝ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፣ እሱም ያስፈራኛል።

ማታ ብርዱ ሲገባ እግሬ ይጠዘጥዘኛል። የጨው ውሃ አሙቀሽ፣ ቁርጭምጭሚቴን እያሸሽ፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ከአጠገቤ አትነሺም ነበር። አሁን ራሴ አሸዋለሁ፤ እንዳንቺ አልሆነልኝም። በጠዘጠዘኝ ቁጥር አስታውስሻለሁ፣ እምዬ። ሐኪሙ ደግሞ ሕመሙ ዕድሜ ልክህን አይለቅህም ብሎኛል።

ልጅሽ