በጆንያ የተሰፋች ሻንጣ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ

ይድረስ ለአማቴ፣ ለአዮ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቅባት ይቀቡታል ወይስ እንደ ልማድዎ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ያዩታል? ሸቤ ዝናቡ ቀድሞ ገባ ሲሉ ሰማሁ፤ የጓሮው ቡና አበባው እንዴት ያዘ? እኔ አልሐምዱሊላህ በሰላም ገብቻለሁ። እግሬ ትንሽ ከማበጡ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ሸቤ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሚኒባስ ብይዝ ከዙህር በፊት እርስዎ ዘንድ ነኝ። ግን ፊትዎ ቁጭ ብዬ ይህን ለማውራት አቅም የለኝም። በስልክ እንዳልነግርዎ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርገው ጎረቤቱን ሁሉ ያሰሙታል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። መነጽርዎን ያድርጉና ብቻዎን ያንብቡት።

የላኩኝ ለአንድ ጉዳይ ነበር። ልጅዎ ሙርሺድ ለንግድ ብሎ ቻይና፣ ጓንዡ ከሄደ አምስተኛ ዓመቱን ያዘ፤ በየዒዱ «ለሚቀጥለው ዒድ እመጣለሁ» ይላል። ወይ ባሌን ይዤው እንድመጣ፣ ወይ ቁርጤን አውቄ እንድመለስ ተስማማን። እኔም ልብስ ስፌቱን ዘግቼ፣ ዕቃ ለማምጣት ከምትመላለሰው ከሩፈይዳ ጋር ተነሳሁ።

ሻንጣዋን ያስታውሷታል፤ ቡናማዋ፣ አንድ ጎማዋ የተሰበረው። እኔ ሞልቼ ዘግቻት ነበር። እርስዎ ግን ዚፕ አይታመንም ብለው ወደ ጓዳ አስገቧት፤ ከቡና ማጠቢያው በመጣ ጆንያ ከተው፣ ዙሪያዋን በጆንያ መርፌ ሰፍተው አወጡልኝ። እኛ ዘንድ ሩቅ የሚሄድ ዕቃ እንዲህ ስለሆነ አልገረመኝም። በር ላይ ስንሰናበት «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሻንጣው እጅሽ ሳይገባ እሱ ዘንድ እንዳትሄጂ። ባዶ እጅ ነውር ነው» አሉኝ።

ጓንዡ ስንደርስ የሰው ሁሉ ዕቃ ወጣ፤ የእኔ አልመጣም። የጠፋ ዕቃ የምታስተናግደው ልጅ በስልኳ እያስተረጎመች ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። ቡናማ ሻንጣ፣ ጎማዋ የተሰበረ አልኳት። ጆንያውን አላነሳሁም። ሻንጣ በጆንያ መሰፋቱ መናገር የሚያስፈልገው ነገር መሆኑ ወደ ሐሳቤም አልመጣም። ሰዎቹም የነገርኳቸውን አምነው ቡናማ ሻንጣ ሲፈልጉ ሰነበቱ። ደውዬ ስነግርዎ «ዕቃው ሳይገኝ እንዳትሄጂ» ብለው ደገሙልኝ፤ እሺ አልኩ። ሩፈይዳ ወደ ገበያዋ ሄደች፣ እኔ ወደ መንገዱ።

ከተማውን ልንገርዎ። ጅማን ከነገጠሯ አንድ ሰፈሩ ይውጣታል። መንገዱ ዳር ዋርካ የሚመስሉ፣ ሥራቸው ከቅርንጫፋቸው ወደ መሬት የሚንጠለጠል ዛፎች አሉ። ባቡሩ ከመሬት በታች ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የተሳፈርኩ ቀን ከፍርሃቴ ቁልሁወላህን እየቀራሁ ነበር፤ ስለምደው ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኝ መውረጃዬን አለፍኩና የማላውቀው ሰፈር ወረድኩ። የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ እዚያው ዋልኩ።

ቅያሪ ስላልነበረኝ ሰፊ ሱሪና ረጅም ሸሚዝ ገዛሁ። ስፌቱን ገልብጬ አየሁት፤ እኔ ብሰፋው ይሻል ነበር። ቀለሙ ብርቱካንማ ነው። ሙርሺድ ስለማይወደው ካገባሁ ጀምሮ ብርቱካንማ ለብሼ አላውቅም። አመሻሽ ላይ ወንዙ ዳር እርስዎን የሚያካክሉ ሴቶች ሙዚቃ ከፍተው፣ ተሰልፈው ይጨፍራሉ። ቢያዩ አስተግፊሩላህ ይሉ ነበር፤ ጉልበታቸው ግን ከእርስዎ ይሻላል። በአሮጌው መስጊድ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ፣ ሻሼንም አስተካከለችልኝ። ቃል አልተግባባንም፤ አሚን ስንል ግን አብረን አልን።

በዚያ ሁሉ ቀን የማን ሚስት ነሽ፣ ልጅስ የለሽም ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ደስ አለኝ አዮ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ሩፈይዳ ሻንጣው በጆንያ መሰፋቱን ነግሬያቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ሳቅኩ፤ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በነጋታው ግን ወደ ሌላ ሰፈር ሄድኩ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሩፈይዳን ያውቋታል፣ ሰው ስታጣድፍ መድረሻ ታሳጣለች፤ እኔን ግን አልጎተጎተችኝም። ስለ ሙርሺድ ባነሳሁ ቁጥር ዓይኗን ሳህኗ ላይ ትተክላለች። ፈርቼ ነበር። ሻንጣው ከመጣ መልሱም እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከመልሱ በፊት ትንሽ መዞር ፈለግኩ።

በመጨረሻ ሄጄ ነገርኳቸው። ሻንጣዋ ያለችው ጭነት የሚራገፍበት መጋዘን ነበር። የተለጠፈባት ወረቀት ጆንያው ላይ አልይዝ ብሎ ወድቋል፤ እነሱም የጆንያውን ጽሑፍ አይተው ቡና ናት ብለው ከቡና ጋር ደርድረዋታል። ማንም አልከፈታትም።

ሻንጣዋን ይዤ ስሄድ ሩፈይዳ የሙርሺድን ሱቅ ከሩቅ አሳየችኝና ተመለሰች። ሙርሺድ ወፍሯል፤ አምሮበታል። ሲያየኝ የያዘውን የጫማ ካርቶን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከእኔ በፊት የእርስዎን ደህንነት ጠየቀ። ደህና ናቸው ስለው ከመጋረጃው ኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ የትልቅ ሰው ጫማ እየጎተተች ወጣች። በእርስዎ ስም ጠራት፤ ሮጣ ጉያው ገባች። ግንባሯ የእርስዎ ነው። እናቷ ቻይናዊት ናት፣ ሙስሊም፤ ወንበር አቀረበችልኝ፣ ሻይ ቀዳችልኝ። ማን ነች ብሎ እንደነገራት አላውቅም። ክፉ ሴት አይደለችም። ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ሙርሺድ የሚያደርገው ሲጠፋው የጆንያውን ክር መበጠስ ጀመረ። ማሩ ወጣ፣ ቅቤው ወጣ፣ እኔ የሰፋሁለት ጀለቢያ ወጣ። ከሁሉ ሥር በእርስዎ ነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ፈታው። አረንጓዴ የልጅ ቀሚስ ነው። እሱን እኔ አላስገባሁትም። ጠርዙ በእጅ የተሰፋ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ ደግሞ አላጣሁትም፣ ሥራዬ ነው።

እሱም ቀሚሱን አየ፣ እኔንም አየ። «አዮ ነግረውሽ ነው አይደል የመጣሽው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ ዋሸሁልዎ።

የጁምዓ ዕለት ከሶላት በኋላ ሁለት ምስክር ይዞ መጣ፤ የፍቺው ቃል ተባለ። እኔው ነኝ የጠየቅኩት። አለቀሰ፤ እኔ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት አውሮፕላኑ ውስጥ ነው፣ እሱም ከሐዘን ይልቅ ከንዴት ነበር። በማን እንደተናደድኩ አይጠይቁኝ። ገና አልበረደልኝም።

ዒዳዬን፣ የፍቺ መቆያዬን፣ በዚሁ በልጅዎ ቤት እጨርሳለሁ፤ ከዚያ የስፌት ማሽኔን ይዤ አወቱ መንደራ ክፍል እከራያለሁ። ቁልፉን ራሴ አመጣልዎታለሁ። ስመጣ ስለዚህ ነገር ባናወራ ደስ ይለኛል። ምሳ እንበላለን፣ ቅባቱንም እኔ እቀባዎታለሁ።

አላህ ጤናዎን ይመልስልዎ፣ የቡናዎን አበባ ከበረዶ ይጠብቅልዎ፣ ደጅዎን ሰው አያሳጣው።

ስለ ቀሚሱ፣ ቀለሙ አምሮባታል። ትከሻዋ ላይ ግን ጠቧታል፤ ካሰቡት በላይ አድጋለች። ከመውጣቴ በፊት ልኳን ወስጃለሁ። ለሚቀጥለው ቀሚስ ለብቻዎ አይልፉ፤ እኔ እሰፋዋለሁ።

ልጅዎ