ስንጥር ያልገባበት

ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት

ሱቅ ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ጾም ነው፤ ቅቤ የሚጠይቅ የለም። እስካሁን የመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ዝርዝር ብር ፈልጋ፣ ሌላው ፀሐይ ሸሽቶ።

ለገና ከአሁኑ ያልተሰናዳ ግን ይቀደማል። ዘንድሮ ንጥር ቅቤ በጠርሙስ ላወጣ ነው፣ ስቲከር ተለጥፎበት። ማተሚያ ቤቱ ዲዛይኑን ራስሽ ሠርተሽ ካመጣሽ ቶሎ ይደርስልሻል አለኝ። ዲዛይን መሥሪያው ፕሮግራም ደግሞ በክፍያ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ያንኑ ፕሮግራም ቁልፉን ሰብረው በነፃ የሚሰጡ አገኘሁ። ማን ነው ይህን ያህል ደግ?

ዳውንሎድ እያደረገ ነው።

በዚያው ቀን፣ ማታ

ተጫነ፣ ሠራ። መመሪያው መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ፣ አለበለዚያ አይጫንም ይላል። አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ እንደ ውሃ ነው የፈሰሰው። ላም ሣልኩ፣ ከሥሯ ኮባ ቅጠል። ልጄ ሕይወት ከኮሌጅ ስትመለስ አየችውና፣ “እማ፣ ይቺ ላም ናት በግ?” አለችኝ። ቅቤ እስከሰጠች ምን አገባሽ አልኳት።

ታኅሣሥ 8፣ ከሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ነገር አለ።

ወ/ሮ ጽጌ ደወለች። ዓለም ባንክ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት፣ የድሮ ደንበኛዬ። ሌላው ደንበኛ ሁሉ ቅቤ ሲገዛ ስንጥር እስከ መሃሉ ሰድዶ፣ አውጥቶ ያሸታል። እሷ ስንጥር ነክታ አታውቅም፤ ከእጄ ተቀብላ ትሄዳለች። ዛሬ ስትስቅብኝ ነበር። “አንቺ ደግሞ ዘመናይ ሆንሽ፣ ዋጋ በፋይል! የምግብ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት፣ ምንም የለበትም።”

እኔ የላክሁት ፋይል የለም።

ስልኬን ከፈትኩ። ለደንበኞቼ በሙሉ፣ በግሩፓችን፣ በእኔ ስም ተልኳል። የገና ዋጋ ዝርዝር ነው፣ በኮምፒውተር ክፈቱት ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ “የኔ እናት፣ እንዳትቀሪ”። ይህ የእኔ አነጋገር ነው! ከየት አመጣው? መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው። እንዴት አወቀኝ?

ታኅሣሥ 8፣ ማታ

ፍሬውን ጠራሁት፤ ከሱቄ በላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ነቀለ። ቀጥሎ በስልኬ፣ አካውንቴ በየትኞቹ መሣሪያዎች ላይ እንደተከፈተ አሳየኝ። አንዱን አላውቀውም። አስወጣሁት። የይለፍ ቃሎቼን ሁሉ፣ የባንኩንም ጭምር፣ በስልኩ ቀየርኩ። በታመመው ማሽን እንዳትሞክሪው ብሎኛል።

ሌባው የላክሽውን መልእክት ሁሉ አንብቦ ነው እንዳንቺ የጻፈው አለኝ። የይለፍ ቃልም አላስፈለገውም፤ ኮምፒውተሩ ላይ አካውንቴን ከፍቼ ትቼው ነበር፣ በዚያ በር ነው የገባው።

“ማዘር፣ አንቲቫይረሱን ራስሽ ነሽ ያጠፋሽው?”

አዎ አልኩ። ሌላ አልጠየቀኝም። እኔ ግን ጠየቅሁት። ሌባ ከሆነ ፕሮግራሙ ለምን በደንብ ሠራ? ባይሠራ ታጠፊው ነበራ አለኝ።

ገባኝ። ከላይ ለጋ ቅቤ፣ ከውስጥ የተደባለቀ ሙዝ። ይህን ሥራ እኮ አውቀዋለሁ! ከወሊሶ የሚመጣ ነጋዴ “ቅቤዬ ላይ ስንጥር አታስገቢ” ቢለኝ ሚዛን ላይ አላስወጣውም። ይኼኛው ግን አንቲቫይረስሽን አጥፊ ሲለኝ፣ እሺ አልኩት። ለምን? ነፃ ስለሆነ ይሆን? ሲከፍሉ ነው ዓይን የሚከፈተው?

ታኅሣሥ 9

ፍሬው ማሽኑ ላይ ያለውን ሙሉ በሙሉ አጠፋ፣ እንደ አዲስ ጫነው። ሥዕሉን ላውጣልሽ ወይ ብሎኝ ነበር፤ ተወው አልኩት። ላሚቱም አብራ ሄደች።

ጋሽ ተስፋዬ፣ ጎረቤቴ በርበሬ ነጋዴው፣ መጥተው መከሩኝ። መልእክቱን አጥፊና ዝም በይ፣ ገና ፊት ለፊት ነው፣ ሰው እንዴት ሆነ ብሎ አይጠይቅም፣ ዕቃዋ አይታመንም ብቻ ነው የሚለው አሉኝ። ሞኝ አይደሉም። የገና ትእዛዝ የሚመጣልኝ በዚያው ግሩፕ ነው፤ የዓመቱ ገበያዬ ማለት ነው።

ግን ጽጌ ፋይሉን ከፍታለች። ሌላ ማን ከፈተ? እኔ ዝም ካልኩ ማሽናቸው ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀራል። ነገ ከእነሱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ መነሻውም እኔ ነኝ።

ልጽፍ ጀመርኩ። ሰረዝኩ። ሌባውም እንደኔ ይጽፋል፤ ማን ይለየናል? በድምፄ ቀዳሁት። ነፃ ፕሮግራም አውርጄ፣ ጠባቂውን በገዛ እጄ አጥፍቼ ነው፤ ፋይሉን የከፈታችሁ ማሽናችሁን አስፈትሹ፣ የይለፍ ቃላችሁን በስልካችሁ ቀይሩ፤ ከእንግዲህ ዋጋ የምናገረው በድምፄ ብቻ ነው አልኩ። ከመላኬ በፊት ሕይወት ሰማችው። “እማ፣ ጉሮሮሽን ጠርገሽ ድገሚው።” አልደገምኩም። ላክሁት።

ታኅሣሥ 11

ሦስት ሴቶች ከፍተነው ነበር አሉ። አንዷ ሰደበችኝ፤ ተገቢ ነው። ከግሩፑ የወጡም አሉ። ጽጌ መስማቷ ስልኬ ላይ ይታያል።

ታኅሣሥ 13

ፍሬውን ይዤ ዓለም ባንክ ሄድኩ። ለገና የሚሆነውን ለጋ ቅቤም ለናሙና ያዝኩ፣ በኮባ ጠቅልዬ። ጽጌ ሳቅ የላትም፤ ግቡ አለችን። ፍሬው ጓዳ ገብቶ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ። ቫይረሱ እዚያም ተገኝቷል፤ አጸዳው። የይለፍ ቃሏን ሁሉ በስልኳ ስትቀይር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ለፍሬው ልትከፍል ነበር፣ የእኔ ነው አልኩ።

ከዚያ ኮባውን ፈታሁ። ቅቤውን አየች። እኔን አየች። ከጠረጴዛው ላይ የጥርስ እንጨት አንስታ እስከ መሃሉ ሰደደችው። ስትገዛኝ ኖራ የመጀመሪያዋ ነው። ጾም ስለሆነ አልቀመሰችም፤ አወጣችና አሸተተች።

ፊቴን አላዞርኩም። ቅቤውን ገልብጬ አስጠጋሁላት።

“ከዚህም በኩል አስገቢ” አልኳት።

አስገባች።