«ይሁን» የሚሉት ወንድምሽ

ልጄ፣ የቆምሽበት ይጽናልሽ። ሰባ ዘጠኝ ደፈንኩ፤ እንጨት ግን ዛሬም ያለማንም ድጋፍ እልጋለሁ። ይችን ደብዳቤም ራሴ ጻፍኳት፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ።

ወንድምሽን ከቀበርን ወር ሆነን። በቀብሩ ላይ ጎረቤታችን ወረቀት አውጥቶ፣ «ለጋስ፣ ታታሪ፣ ቤተሰቡን የሚወድ ሰው ነበር» ብሎ አነበበ። እውነቱን ነው። ግን ከታመመበት አስነስቶ በር ያሠራውም ይኸው ጎረቤት ነው። ሰፈሩ ወንድምሽን «ይሁን» እያለ ነበር የሚጠራው፤ ምን ቢጠይቁት ሌላ መልስ አያውቅማ። አናጢነት አስተማርኩት፤ እምቢ ማለትን ግን አላስተማርኩትም። ደረቱን ይዞ ሲያስል፣ «ተው እንጂ፣ እረፍ» አልኩት።

«አባባ፣ ሰውየው በር የለውም እኮ» አለኝ።

በሩን ጨረሰለት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

«የእንጨት ሥራ ቤቱን ሸጠው ወደ እኔ ይምጡ» ያልሽው አይሆንም፣ አትቀየሚኝ። ገንዘብም አትላኪ። ብቻ እየደወልሽ የወንድምሽን ልጆች አጫውቻቸው። አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። እኔ የእሱን ዕዳ ሳልጨርስ የትም አልሄድም፦ የልብስ ሰፊዋ ቁም ሳጥን በር አልተገጠመለትም፤ የአስተማሪው አግዳሚ ወንበር እግር ይቀረዋል፤ ለገዛ ልጆቹም «ነገ እሠራላችኋለሁ» እያለ መሬት ሲያስተኛቸው ኖሮ ሳይሠራው የቀረው አልጋ አለ።